ዘንጉ እንዳይቆሽሽ

ሰው የሚወደውን ዕቃ እንዴት አድርጎ እንደሚያኖር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሶፋ ይገዛና ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ላስቲክ ሳያወልቅ ዓመታት ይቀመጥበታል። በላብ ተጣብቆ፣ በተነቃነቀ ቁጥር ሶፋው እየተንጫጫበት፣ "ኧረ ላስቲኩን አውልቀው" ብትሉት "ይቆሽሻል" ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ይቆሽሻል። ቡፌ ውስጥ የተደረደሩትን ብርጭቆዎችም እናውቃቸዋለን። ለትልቅ እንግዳ ይባሉና ይቀመጣሉ፤ እንግዳው ሲመጣ ያን ያህል ትልቅ አለመሆኑ ይታወቅና በኩባያ ይጠጣል። የአክስቴን የክት ቀሚስማ ከእርሷ ይልቅ ብል ለብሶታል።

በዚህ እንስቃለን እንጂ፣ ሁላችንም ቤት አንድ ያልወለቀ ላስቲክ አይጠፋም። እኔም የማወራችሁ እንዲህ ስለ ተቀመጠ አንድ ዕቃ ነው። ስለ ዕቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላደከምኳችሁ።

ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በዚያ ሰሞን ይህን ስል ሰው ፈገግ ይልብኝ ነበር፤ እንግዳ አልነበረማ። ለምን እንዳልነበረ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም ደግሜ ባወራው የሚመጣልኝ እንግዳ የለም። ጠዋት እገባለሁ፣ ጠረጴዛዬን እወለውላለሁ፣ የክፍሎቹን ቁልፍ እቆጥራለሁ። ሁሉም አሉ።

ሆቴላችን ገደል አፋፍ ላይ ነው የተሠራው። ባለቤቱ ጋሽ ፈንታው ፎቅ ላይ ያለውን የምግብ አዳራሽ አንዱን ግድግዳ እንዳለ መስታወት አደረጉት፤ እንግዳ ምሳውን እየበላ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ተራራ እንዲያይ። የመስታወት ግድግዳ ማሠራት ቀላል ነው፤ ጉዱ የሚመጣው ማጠብ ላይ ነው። ከውጭ በኩል መሰላል ማቆሚያ የለም። ከሥሩ ጠባብ የአትክልት እርከን፣ ከእርከኑ በታች ገደል። ስለዚህ ጋሽ ፈንታው ከአዲስ አበባ አንድ ዘንግ አስመጡ። ዘንጉ አንዱ ካንዱ ውስጥ እየወጣ ይረዝማል፣ በሆዱ ቀጭን ጎማ ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ብሩሽ አለው። ውኃው በማጣሪያ አልፎ፣ በፓምፕ ተገፍቶ ብሩሹ ላይ ይፈስሳል፤ እናንተ እርከኑ ላይ ቆማችሁ ፎቁን ታጥባላችሁ። ጋሽ ፈንታው ዕቃውን ለደሳለኝ ሲያስረክቡት "ይህን እንደ ዐይንህ ብሌን" አሉት።

ደሳለኝ የሆቴሉን ቧንቧም፣ መብራትም፣ አትክልትም የሚይዝ ሰው ነው። ዘንጉን እንደ ታቦት ያዘው ብል ካህናቱ ይቆጡኛል፤ እንደ አራስ ልጅ ያዘው ልበል። ካጠበበት በኋላ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይነቅላል። እያንዳንዱን በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ይወለውላል፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መሃል ከገባች ዘንጉ እርስ በርሱ እየተፋፋቀ አልከፈትም አልዘጋም ይላል። ጎማውን የሚጠቀልለው በጨርቅ እያሸ ነው፤ አፉን በፌስታል ቋጥሮ ይዘጋዋል። ብሩሹማ መሬት አይነካም። ከነካ ጠጠር ይዞ ይነሳና በሚቀጥለው ቀን መስታወቱን እንደ ድመት ይቧጭረዋል። ማጣሪያውን በተመለከተ፣ በደሳለኝ እጅ እያለ ድፍርስ ውኃ አይቶ የማያውቅ ማጣሪያ ነበር። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላል ደሳለኝ።

ታዲያ በበጋው ቆፋሪዎች መጡ። አዲስ የውኃ መስመር ሊዘረጉልን ነው ተባለና ከሆቴሉ በላይ ያለውን መንገድ ገለበጡት። ውኃ ሊያመጡልን የነበረንን ውኃ ቆረጡት። አቧራው ተነሥቶ መስታወታችን ላይ አረፈና ተጋገረ። እንግዳ ስለሌለ ማንም ግድ አላለው። እኔም መስታወቱን የማየው መብራት ላጠፋ ስወጣ ብቻ ነበር።

መምሬ አድማሱ የመጡት በዚህ መሃል ነው።

መምሬ የጋሽ ፈንታው አባት ናቸው። ከሸለቆው ማዶ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ቄስ። ደረታቸውን ታመው ሐኪም ቤት ተኙ፤ ሲወጡ "ከብርድና ከአቧራ ይጠበቁ" ተባለ። የገጠሩ ቤት ብርድ ነው። ጋሽ ፈንታው አዳራሹ ውስጥ አልጋ አዘረጉላቸው፤ መስታወቱ የጠዋቷን ፀሐይ ስለሚያስገባ ከሆቴሉ ሁሉ ሞቃቱ ቦታ እርሱ ነው። ልጃቸው ግን ጉዳይ ይዟቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱና መምሬን ለእኔና ለደሳለኝ አደራ አሉን። በየቀኑ ይደውላሉ። ጠዋት ጠዋት ደሳለኝ ሽማግሌውን አቅፎ ከአልጋ ያነሣና መስታወቱ ፊት ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል። ክብደታቸው ቀልሎ ቀልሎ የአንድ ጋቢ ያህል ነበር።

መጀመሪያ ቀን ጠዋት ሻይ ይዤላቸው ስወጣ፣ "ልጄ እታገኝ፣ ይኼ ጉም መቼ ይገፈፋል?" አሉኝ።

"ጉም አይደለም አባ፤ መስታወቱ ላይ ያለ አቧራ ነው።"

"እኔ ደግሞ ሰማዩን ሳማው" ብለው ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

ኋላ ላይ ነው ነገሩን የነገሩን። ያቺ ቤተ ክርስቲያን የሣር ክዳን ነበረች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር መቅደሷ ያፈስሳል። መምሬ ቆርቆሮ ሲለምኑ አረጁ። በመጨረሻ ምእመኑ ተረባርቦ ቆርቆሮውን በአህያ አወጣው፤ ሊመታ ሲል እርሳቸው ወደቁ። አሁን እህታቸው በስልክ እንደ ነገሯቸው ሥራው አልቋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እስከ ላሊበላ ያበራል። "የቅርቡ ነው እንጂ የሚያስቸግረኝ፣ ሩቁን ዐይኔ ደህና አድርጎ ያያል" አሉን፤ እንደ ማፈር እያሉ። ከእኛ የፈለጉት ያን ብርሃን ማየት ብቻ ነው።

በጋቢ ጠቅልለን በረንዳ ልናወጣቸው ሞክረን ነበር። በሩ ገና ሲከፈት ነፋሱ ከነአቧራው ተቀበለን። ያ ሳል እስኪበርድ ድረስ ያየነውን እኛ እናውቃለን። ጋሽ ፈንታው በስልክ ሲሰሙ "ሁለተኛ ደጅ እንዳታወጧቸው" አሉ። የመስታወቱን ነገር ግን መምሬ ለልጃቸው እንዳንነግር ለመኑን፤ "በመስኮት ምክንያት ሥራውን ፈትቶ ይመጣል" ብለው።

ወደ ደሳለኝ ሄድኩ። የታንከሩን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። ሥሩ የቀረው ውኃ ጉሽ ጠላ ይመስላል። የምንጠጣው ከምንጭ በጀሪካን ነበር የሚመጣው፤ ከእርሱ እንቀንስ ብንል መምሬ ራሳቸው "ሰው እየጠማው መስኮት አይታጠብም" ብለው ከልክለዋል።

"በዚህ ውኃ ካጠብኩበት ማጣሪያው ይደፈናል" አለኝ ደሳለኝ። "ብሩሹ አሸዋ ይይዛል፣ መስታወቱ ይጫራል። ቆፋሪዎቹ ሰኞ ንጹሕ ውኃ እንለቃለን ብለዋል። እስከ ሰኞ ምን አለሽ?"

"የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስረን ብንወለውለውስ?"

"አቧራውን በጨርቅ ልታሺው? በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ማለት እኮ ነው። እታገኝ፣ እኔ መምሬ ሲያዩ መስታወት መኖሩን እንዲረሱት ነው የምፈልገው። ተዥጎርጉሮ ምን ያዩበታል?"

"ውኃ ካልደፈረሰ አይጠራም" አልኩት።

"ውኃን ከጥሩ" አለኝ።

ሁለቱም የአባቶች ቃል ነው። አባቶቻችን ለሁሉም ወገን ተረት ትተውልናል፤ ክርክራችን የማያልቀውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ደሳለኝ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር። አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ እርሱ ነው። ሰነፍ ቢሆን እሰድበው ነበር፤ ክፉ ቢሆን እከስሰው ነበር። ሰውየውን ጠዋት አቅፎ የሚያነሣ፣ ማታ እግራቸውን በለብታ የሚያጥብ ልጅ ነው።

ሰኞ መጣ፣ ውኃው አልመጣም። ቆፋሪዎቹን ስንጠይቃቸው "ለሰኞ" አሉን። የትኛው ሰኞ እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም ነበር። ደሳለኝ ግን እየተዘጋጀ ነበር፤ የዘንጉን መቆለፊያዎች በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ፣ ጎማውን ሲወለውል አየው ነበር። ይህ ሁሉ ለመምሬ ነው። ሳይታጠብበት ይታጠባል፣ ሳይቆሽሽ ይጠራል። መምሬ በበኩላቸው "ይቆይ ልጄ፣ ንብረት ነው፣ አይጎዳ" ይሉታል። ትዕግሥታቸው ጠላታቸው ሆነ። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ቁጣ የሚጠቅምበት ቀን አለ።

አንድ ጠዋት ከወንበራቸው ቀና አሉና ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ።

"አሁን ብልጭ አላለም? አየኸው ደሳለኝ?"

ደሳለኝ ተጠግቶ አየ። አቧራ ነው። "አየሁት አባ" አለ።

"አንቺስ?"

"እኔም አይቼዋለሁ" አልኩ።

መምሬ ሁለታችንንም ተራ በተራ ተመለከቱን። "ደግ ልጆች ናችሁ" አሉ። እንዳላመኑን በዚህ አወቅሁ።

ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ አረፉ። ደሳለኝ ምሳ በልተው እንደ ሆነ ሊያይ ወጥቶ ነበር። ሲወርድ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ገባኝ።

ጋሽ ፈንታው በማግስቱ ማለዳ ደረሱ። ለቀስተኛው መምጣት ስለ ጀመረ አግዳሚ ወንበር ለማውጣት ሦስታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ገባን። ኀዘን ሰውን ምን እንደሚያናግረው አይታወቅም። ጋሽ ፈንታው ጥግ ላይ በአንሶላ ተጠቅልሎ የቆመውን ዘንግ አዩት። አንሶላውን ገለጥ አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት፣ ጣታቸውንም ተመለከቱት። ምንም የለበትም። ዐይናቸው እንባ ሞላ።

"ደሳለኝ" አሉ፣ "ሁሉ ነገር ሲበላሽብኝ ይህ ብቻ እንደ ነበረ ቆየኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ደሳለኝ ከንፈሩን አላቀቀ። "ጋሼ፣ እኔ እኮ..." አለ። ጋሽ ፈንታው ትከሻውን መታ መታ አድርገው አግዳሚውን አንሥተው ወጡ። ሰው ሲሰደብ አይቻለሁ፣ ሲመታም አይቻለሁ። ምስጋና እንደዚያ አድርጎ ያደቀቀው ሰው ግን ከዚያ በፊት አላየሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፤ ምን ብለን እንጩኽ?

ሸለቆውን በእግር ወርደን፣ ማዶውን ወጥተን ቀበርናቸው። ደሳለኝ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር፤ ተራ ሲደርስ አልለቅም አለ። ቅጥሩ ውስጥ ስንገባ አዲሱ ቆርቆሮ ዐይን ያጥበረብራል። ለቀስተኛው ሁሉ ቀና እያለ አየው፣ ሴቶቹ በለቅሷቸው መሃል ጠቀሱት። ደሳለኝ ከመሬት ዐይኑን ሳያነሣ ገባ፣ ሳያነሣ ወጣ።

በተመለስን ማግስት ጠዋት ጠረጴዛዬን እየወለወልኩ ሳለሁ የፓምፕ ድምፅ ሰማሁ። ቧንቧው ገና አልተለቀቀም። እየሮጥኩ ወደ አዳራሹ ወጣሁ። አልጋው ተነሥቷል። መስታወቱ ላይ ቡናማ ውኃ ይወርዳል፤ በውኃው መሃል ብሩሹ ይወጣል ይወርዳል። አሸዋው መስታወቱን ሲጭረው ከውስጥ ሆኜ እሰማው ነበር። መጀመሪያ ጭቃ ሆነ፣ ከዚያ ዥንጉርጉር ሆነ፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሳሳ። ማዶ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ብርሃን በራች። ጥራት አልነበረውም። ደሳለኝ እንዳለው መስታወቱን የሚያስረሳ አልነበረም። ግን ይታያል። ለአንድ ሽማግሌ ዐይን ይበቃ ነበር።

ወደ እርከኑ ስወርድ ደሳለኝ ሄዷል። ፓምፑን አጥፍቶ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ጥሎት ነው የሄደው። ጎማው አፈር ላይ ተንጋዷል፣ ዘንጉ ተገትሮ ቀርቷል፣ ብሩሹ በአፍጢሙ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል። ከኋላው ልጠራው አስቤ ነበር። ጠርቼ ምን እለዋለሁ? አብሽር ልበለው?

ትንሽ ቆሜ አየሁትና ለሻይ ካስቀመጥነው ጀሪካን ቀንሼ ብሩሹን አለቀለቅሁት። ዘንጉንም በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግሁት። ምን ላድርግ፤ ዕቃው ምን አጠፋ?