ምረቃ የምትጠብቅ ፀሐይ

በአብዮቱ ዘመን፣ ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው መንደራችን ክሊኒክ ጣሪያ ላይ የተተከለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ያስመዘገበው ድል ተነግሮ አያልቅም። ቢሆንም ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ነው።

ሰሌዳው የተተከለው የክትባት መድኃኒት ለሚቀመጥበት ፍሪጅ ኃይል እንዲሰጥ ነበር። ያልተመረቀ ሥራ ሥራ ስለማይባል፣ የምረቃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ወልደተንሣኤ ሰሌዳውን በቀይ ከፋይ ጨርቅ አሸፈኑት። ከፋዩን የሚገልጡት ከደብረ ብርሃን የሚመጡት የክብር እንግዳ ናቸው። እንግዳው ዘገዩ። ክትባቱ ግን ወግ ስለማያውቅ በበረዶ ሣጥን ሆኖ ቀድሟቸው ደረሰ።

የቮልት መለኪያው ዜሮ ላይ ተጋድሟል። ኮሚቴው ክሊኒኩ ግቢ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። አንዱ አባል ጥፋቱን በፀሐይዋ ዳተኝነት አሳበቡ፤ ሌላው ሰሌዳው የኢምፔሪያሊስት አገር ሥሪት መሆኑን አስታወሱ። በመጨረሻም ቮልቱ በእጥፍ እንዲያድግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የዜሮ እጥፍ ስንት እንደሆነ የጠየቀ አድኃሪ አልነበረም።

ዙቤዳ ልጇን ረሒማን አዝላ በር ላይ ቆማለች። ኩፍኝ የጎረቤቷን ልጅ ገድሏል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወላሂ ጨርቁን ቢያነሱት ይሠራል።»

«ሳይመረቅ?»

«ልጄስ?»

«ከምረቃው በኋላ በክብር ትከተባለች።»

የክሊኒኩ ድሬሰር ገብረአብ አንገቱን ደፋ። ነገሩ ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነው፤ ፀሐይ ያልሞቀው ሰሌዳው ብቻ ነበር። በረዶው ቀለጠ፤ መድኃኒቱም ተበላሸ።

እንግዳው በሳምንቱ መጡ። ከፋዩን ሲገልጡት የመለኪያው መርፌ ከዜሮ ተነሥቶ አሥራ ሁለት ገባ። ጭብጨባው አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ ተሰማ።

«ይህ እድገት በየወሩ ይደገም!» አሉ እንግዳው።

በወሩ ሌላ ክትባት መጣ። ዙቤዳም መጣች። ከፋዩ ግን ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።

«ምነው ጓድ? ተመርቆ የለም እንዴ?»

«ካልሸፈንነው ከየት ተነሥቶ ያድጋል?» አሉ ጓድ ወልደተንሣኤ፣ በትዕግሥት።

ዙቤዳ ልጇን ለድሬሰሩ ሰጥታ መሰላሉን ወጣች። ከፋዩን ገፈፈችና ረሒማን ልታዝልበት ይዛው ወረደች። መርፌው ያለ እንግዳ፣ ያለ ንግግር አሥራ ሁለት ገባ። ድሬሰሩም አፍታ ሳይቆይ ልጅቱን ከተባት።

ኮሚቴው ይህን ሕገ ወጥ ቮልት ለመመርመር እስካሁን ስብሰባ ላይ ነው።