ጠረጴዛዬን ያስተካከሉልኝ ሰውዬ

ሰው ካልረዳ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤትም ሰፈርም የለም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነው። የእኛው ክቡር ልያዝልሽ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ሠልጣኞቹ ነን፤ ከአፋቸው ሌላ ቃል ሲወጣ ሰምተን አናውቅም።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። አንድ ኮሌጅና ለአካል ጉዳተኞች የቆመ አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ተስማምተው ዳቦና ኬክ መጋገር ያሠለጥኑናል። ኮሌጁ ምድጃና መምህርት አዋጣ፣ ድርጅቱ ደግሞ እኛንና ክቡርነታቸውን።

የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ተቀበሉኝና «እህቴ፣ ቦርሳሽን ልያዝልሽ» አሉ። ያዙ። ክንዴንም ያዙ። ነጩን በትሬን ሲቀሙኝ ግን ክው አልኩ፤ እኔ መንገድ የማየው በእሱ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ባልደረባችን በር ላይ ሚስቱን ሲጠብቅ አገኙት። ገፉትና በአሳንሰር ሦስተኛ ፎቅ አደረሱት። ሚስቱ ከታች ስትጣራ እሱ በመስኮት «እዚህ ነኝ፤ ረድተውኝ ነው» አላት። መስማት ለተሳነው ጓደኛችን ደግሞ እየጮኹ ነው የሚያወሩት። እሱ ሰላም ነው፤ ልንደነቁር የደረስነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ ስቀን አሳለፍነው። ፈተናው ሲመጣ ግን ሳቁ ቆመ። የአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ባለቤት ራሷ መጥታ ትቀምሳለች፤ ከጣማት ሥራ አለ። ካልጣማት እኔ ወደ ወንድሜ ቤት መመለሴ ነው። የወንድሜ ሚስት ደግ ናት፤ የራሴን ሻይ እንኳ እንድቀዳ አትፈቅድልኝም። እዚያ ቤት ተቀምጬ ማርጀት ነው የፈራሁት።

ጠረጴዛዬ ላይ ስኳር በግራ፣ ጨው በቀኝ ነው የሚቀመጠው። ዕቃዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ቦታቸው ነው። የኬኩን ስኳር እጄ እንደለመደው ከግራ በኩል ሰፈረና ጨመረ።

ሴትየዋ ቀመሰች። ከዚያ ውሃ ለመነች።

«ምነው?» አለ ከኋላዬ አንድ የማውቀው ድምፅ። «እንዳትቸገር ብዬ ስኳሩን እኮ ወደ ቀኝ እጇ አምጥቼላታለሁ። ጨውን ነው ወደ ግራ ገፋ ያደረግኩት።»

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። በቆምኩበት ቤቴን አፍርሰው ሌላ ቦታ የሠሩብኝ መሰለኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ዓይኔ ድሮም የለም። ዛሬ እጄን አሳወሩት።»

ክቡርነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዙት አልነበራቸውም።

መምህርታችን ሴትየዋን ለምና ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዕድል አገኘችልኝ። የመጨረሻ። በዚያ ቀን ጠዋት ሲጥ ሲጥ የሚለው ጫማቸው ወደ ጠረጴዛዬ ሲመጣ ሰማሁና ስኳሩን በሁለት እጄ አቀፍኩት።

«አይዞሽ፣ አልነካም» አሉኝ። «ግን እኔ ራሴን አላምነውም። ዕቃ ቤት ልግባና ቆልፊብኝ። እስክትጨርሺ ይቺን ያዢልኝ።» መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ቁልፍ አስቀመጡ።

ደርቄ ቀረሁ። እኚህ ሰው አንድ ነገር ያዢልኝ ሲሉ! ሄጄ ቆለፍኩባቸው፣ ቁልፉንም ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት። በሥራው መሃል ሳህን ከእጄ አምልጦ ሲከሰከስ ከዕቃ ቤቱ «ልያዝ…» የሚል ድምፅ ተጀመረና ተዋጠ።

ሴትየዋ ቀመሰች፣ ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች። «ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አለችኝ። እልል አልን፣ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ተያይዘን ወጣን።

አውቶቡስ ስጠብቅ እጄን ኪሴ ውስጥ ብከት ቁልፉ! ሩጫ በማይሆንልኝ መንገድ እየተደናበርኩ ተመለስኩ። ስከፍት ክቡርነታቸው ከተቀመጡበት የዱቄት ጆንያ ላይ ሲነሱ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ምነው ሳያንኳኩ? ሰው እኮ ሁሉ ሄዷል።»

«ያልጨረሽ መስሎኝ ነዋ። እንዳልረብሽሽ ብዬ።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። እንዳለፍኩ ስነግራቸው «ተመስገን» ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ። አብረን ወጣን። ደረጃው ጋ ስንደርስ «ቦርሳሽን ል…» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ።

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። ውስጡ ከሽርጥ በቀር ምንም አልነበረውም።

«እንኩ» አልኳቸው፣ «ይያዙልኝ።»