ፍሪሲዮን በሽምግልና

መኪና እየሄደች ሳለ መካሪ የላትም። አንዴ ትቁም እንጂ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው። ታዲያ እኔ ምን ቀረብኝ? አስተማሪ ነኝ፤ መጽሐፍም አገላብጫለሁ። የአሮጌዋን ፒካፔን ፍሪሲዮን በገዛ ግቢዬ ልቀይር ተነሣሁ።

በደህና ጊዜ ቢሆን አልደፍርም ነበር። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ እሑድ ጎጆ ከተማ ላይ ያገባል፤ ሙሽሪትን እኔ ከምኖርባት ከአምቦ የማመጣልህ እኔው ነኝ ብዬ በዘመድ ፊት ቃል ገብቻለሁ። ፍሪሲዮኑ ሐሙስ ተቃጠለ። የማምነው መካኒክ ለስብሰባ አዲስ አበባ ተጠርቷል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ስብሰባ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው ሰብሳቢው ብቻ ነበር።

የሚስቴ ወንድም ቶሎሳ ሊያግዘኝ ከጉደር መጣ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ይህን ያለ ሰው ፍሪሲዮን ቀይሮ አያውቅም። ጉድጓድ ቆፍረን፣ መኪናዋን በግንድ ደግፈን፣ ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሹን ሳጥን፣ በሚስቴ ፍራሽ ላይ አወረድነው። ሚስቴ ያለችውን አልጽፍም፤ ልጆች ያነቡታል።

ጠቡ የመጣው አዲሱን ዲስክ ልንገጥም ስንል ነው። አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ያበጠ ነው። ያበጠው ወደ ካምቢዮው ይዙር አልኩ፤ ቶሎሳ የለም፣ ወደ ሞተሩ አለ። የመኪናዋን መጽሐፍ ባመጣ የሚፈለገው ገጽ ተገንጥሏል። ግትር ነህ ስለው ኮቱን አንስቶ ወደ ጉደር ሊመለስ ሆነ። ሚስቴ ሮጣ ጎረቤታችንን ሽማግሌውን ኦቦ ደበላን ጠራች። እሳቸውም ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና የሁለታችንንም ቃል በትዕግሥት ሰሙ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ታላቅ ነህ፤ ቤቱም ያንተ ነው። እሱ እንግዳ ነው፤ ለዛሬ ተውለት።»

በሽማግሌ ላይ ማን ይናገራል? ተሳሳምን፤ ዲስኩም እንግዳው እንዳለው ተገጠመ።

እሑድ ጠዋት ሞተሩን አስነሣሁ። ዲስኩ ተገልብጦ ስለተገጠመ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ብረግጥም ማርሹ አልገባ አለ። ታግዬ ባስገባው፣ እግሬ ከፔዳሉ ሳይነሣ መኪናዋ ዘላ አጥሬን ይዛው ሄደች። ሙሽሪት ልትሳፈር መጥታ በነጭ ልብሷ ደጄ ላይ ቆማ ታየኛለች። አፈርኩ፤ ምን ይደበቃል፣ እንባዬም መጣ።

ድንች አራግፎ ወደ ጎጆ የሚመለስ የጭነት መኪና ተከራየን። ሙሽሪትና ኦቦ ደበላ ጋቢና ገቡ፤ እኔና ቶሎሳ ከኋላ ባዶ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎጆ ደርሰን አቧራችንን ስናራግፍ፣ ያን ፍርድዎን አሁን እንዴት ያዩታል ስል በትሕትና ጠየቅኳቸው። ምንም አላፈሩም።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ እኔ የዳኘሁት እናንተን ነው፤ ይኸው ታርቃችሁ አብራችሁ መጣችሁ። የብረቱንማ ቃል ማን አሰማኝ?»