ለብረት የተከለከለ ውሃ

ከደባርቅ በታች ባለች አንዲት ከተማ፣ ስሙን ብንጠራው ይኮራብናል ብለን በተውነው ጽሕፈት ቤት፣ ጥራት ነግሦ ነበር። እሰይ! የከተማዋ የውሃ ፓምፕ ከቆመ ሦስት ወር ቢሆነውም፣ መለዋወጫ ብረቱ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። ምን ያስቸኩላል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

መመሪያው ግልጽ ነው፦ ብረቱ ይታጠባል፤ እጣቢው በነጭ ወረቀት ይጠለላል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ደቃቅ ቆሻሻ በአጉሊ መነጽር ይቆጠራል። ከአምስት ፍሬ ከበለጠ ብረቱ አይገጠምም። የጽዳት ሠራተኛዋ የሺወርቅ በየማለዳው ወንዝ ወርዳ ማጠቢያውን ውሃ በጀርባዋ ታመጣለች፤ ባለሙያው ደምለው ይቆጥራል። ሰኞ ሠላሳ ስምንት። ማክሰኞ አርባ አንድ። ብረቱ በታጠበ ቁጥር ይብስበታል።

የሺወርቅ ወገቧ ተቆረጠ። ብረቱ ካልተገጠመ ዕድሜዋ በዚያ ቁልቁለት ማለቁ ነው።

«እስቲ ደምለው፣ ብረቱን ተወውና ውሃውን ብቻውን አጥልለው» አለችው።

አጠለለው። አርባ አንድ።

«እኔስ ምን አልኩ! ብረቱ ምን በደለ?»

ነገሩ ከባድ ነውና ኃላፊው አቶ መልከ ጼዴቅ በማግሥቱ ስብሰባ ጠሩ። ለስብሰባ ብቻ የተፈቀደው የታሸገ ውሃ ካርቶን እንደ ወትሮው ከጠረጴዛቸው ሥር ነበር።

«የወንዙ ውሃ ለብረት ጤና አስጊ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብረት እንዳይነካ ተወስኗል! ንጹሕ ውሃ የሚገኘው ፓምፑ ሲሠራ ስለሆነ፣ ብረቱ እስከዚያው በትዕግሥት ይጠብቅ።»

«ሕዝቡስ ምን ይጠጣ?» አለ ደምለው።

«ሕዝቡን የሚመለከት ክልከላ የለም። እንደጠጣ ይቀጥል።»

ተጨበጨበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የተናገሩት ኃላፊ ጉሮሯቸው ደርቆ እጃቸውን ወደ ካርቶኑ ሰደዱ። አንዱም ጠርሙስ ውሃ የለውም።

«ማነው የጨረሰው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች የሺወርቅ ከበሩ። «ጧት ብረቱን አጠብኩበት።»

«ሁለት ፍሬ ብቻ ወጣው» አለ ደምለው። «ልነግርዎ ብመጣ ‹በአጀንዳ ያዝልኝ› አሉኝ።»

«የስብሰባ ውሃ ለብረት? ኧረ ጉድ! ታዲያ እኔ ምን ልጠጣ?»

የሺወርቅ አንድ ማንቆርቆሪያ በሁለት እጇ ይዛ፣ እጅ ነስታ ቀረበች።

«ከወንዙ አለልዎ። ለብረት ነው እንጂ ለሰው መች ተከለከለ?»

ብረቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፓምፑ ላይ ተገጠመ።