ልጅ የለመኑ ቤቶች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ያየሁትን፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር አንዲት ቃል ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። ሐሰት ካለበት የተኛሁበት ፍራሽ ይመስክርብኝ።

አስቀድሞ ግን ይህን እወቁልኝ። በአዲስ አበባ እንደ እኔ የሚከራይ ቤት የፈለገ ሰው አልተፈጠረም። ደላሎቹን እንደ ጦር አዝማች በየሰፈሩ አሰማራኋቸው። ከኮልፌ እስከ ሰሚት ያልረገጥኩት ኮብልስቶን፣ ያላንኳኳሁት የብረት በር የለም። አከራዮቹ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጅ አላችሁ?» አለን ስል በሩ ይዘጋል። በመጨረሻ ባለቤቴ አስናቀች «የለንም» አለችና እትዬ ሸዋረገድ ግቢ አንዲት ክፍል አገኘን። ልጃችን ማኅደር አመሻሽ ላይ በነጠላ ተጠቅልላ ገባች። ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ቁምሳጥን ውስጥ ትደበቃለች። ድምፅ ሳያሰማ የሚያስል፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚስቅ እንደ እሷ ያለ ልጅ በመላው አፍሪካ የለም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅ የሚቀበል ቤት እስካገኝ ድረስ ነው።

ታዲያ በሕልሜ በሩን ብከፍት ቤቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ቪላው ቆርቆሮውን እንደ ባርኔጣ አውልቆ በእጁ ይዟል። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃውን እየጎተተ ከሰሚት ድረስ በእግሩ መጥቶ ያለከልካል። ከሁሉም ኋላ አንዲት የጭቃ ቤት ምሰሶዋን ተመርኩዛ ቆማለች። ሰልፉን የሚያስከብረው ደላላ ፍየል ነበር። ኮት ለብሷል፤ ስልኩን በጆሮውና በቀንዱ መካከል ሰክቷል።

«ጋሼ፣ ሲጠብቁዎት ነው ያደሩት» አለኝ። «እባክዎ አንዱን ይግቡለት።»

ወንበር አስመጣሁና እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ።

«ውኃ አለህ?» አልኩት ቪላውን።

«ከጠፋም አልቅሼ አቀርባለሁ።»

«አከራይስ አለህ?»

«የለኝም።»

ይህን ሲል ከውስጥ ሰው አነጠሰ። ፍየሉ ዘሎ ገባና ከቁምሳጥን ውስጥ አንዲት ሴትዮን የቀሚሳቸውን ጫፍ ነክሶ አወጣ። እትዬ ሸዋረገድ ነበሩ።

«ጌታዬ፣ አያስወጡኝ» አሉ። «ኮቴዬም አይሰማ። ልብስ የማጥበው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። እንግዳ አላመጣም።»

«መብራትስ?»

«ሲመሽ አጠፋለሁ።»

አየኋቸው። አፋቸውን በእጃቸው የከደኑት ልክ እንደ ማኅደር ነበር። «ይቆዩ» አልኩ። እንደ እኔ ያለ ለጋስ በሕልምም አይገኝም።

ወዲያው ወንበሬ ስታዲየም መሀል ሆነ። ቤቶቹ ዙሪያዬን ከበው ተቀመጡ። ፍየሉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን የመጠየቁ ተራ የእነሱ ነው። ልጅ አለዎት?»

«የለኝም» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ልማድ ነው። ፍየሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ኧረ ጋሼ፣ ልጅ የሌለውን አይቀበሉም። ጩኸት ያልሰማ ግድግዳ ይሰነጠቃል።»

«አሥራ ሁለት አሉኝ» አልኩ።

ቤቶቹ በደስታ መስኮታቸውን አራገቡ። «የታሉ?» አሉ።

«አንዷ እዚህ ናት። አሥራ አንዱ መንገድ ላይ ናቸው።»

«እስኪ ያለችው ትጩህልን።»

ማኅደር በነጠላ እንደተጠቀለለች መሀል ሜዳ ላይ ቆመች። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። አሳለች፤ አልተሰማም። ሳቀች፤ አልተሰማም። ኮንዶሚኒየሙ መብራቱን አጥፍቶ፣ ደረጃውን ሰብስቦ ሄደ። ቪላውም እትዬ ሸዋረገድን አዝሎ ተከተለው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ።

«ይህችን ልጅ እንዲህ ያደረጋት ማነው?» አለ ፍየሉ።

እኔ፣ ለአገር የሚተርፍ መልስ ያለኝ ሰው፣ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

የጭቃዋ ቤት ብቻ ቀረች። ምሰሶዋን ይዛ ወደ ልጄ ጎንበስ አለች።

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ብዙ መጠበቅ አልችልም። ስምሽን ስጠራ ‹አለሁ› ካልሽ ያንቺ ነኝ። ማኅደር።»

ልጄ ዝም አለች።

«ማኅደር።»

ዝም። የጣሪያው አፈር መርገፍ ጀመረ። ቤቲቱ ዞራ ልትሄድ ነው። «ልጄ፣ አለሁ በይ» ብዬ ጮህኩ። «ማኅደር፣ አለሁ በይ፣ አለሁ በይ።»

በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ። ነግቷል። በሩ ይንኳኳል። አስናቀች ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች፤ ቁምሳጥኑ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

«እንዴት አደራችሁ?» አሉ እትዬ ሸዋረገድ ከደጅ። «አቶ ደርበው፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶዎታል። ይቺ ማኅደር ማናት?»

አስናቀች በሩን ገርበብ አደረገች። «ቃዥቶ ነው፣ እትዬ። ማኅደር የምትባል እዚህ ቤት የለችም። ሁለታችን ብቻ ነን።»

«እውነቷን ነው» አልኩ ከአልጋዬ። «ሲቃዥ እንደ እኔ የሚጮህ በአገሩ የለም።»

እትዬ ሸዋረገድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ዞሩ። አስናቀች በሩን ልትገፋው እጇን ዘረጋች። ይኼኔ ከቁምሳጥኑ ውስጥ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አለሁ።»