ሊቀ ካሚዮን ክንዱ እና ረግረግ የገባው በሬ

እግዜር መንደር ሲሠራ አንድ ምንጭ፣ አንድ ደብርና አንድ ሁሉን አዋቂ ሳይመድብ አያልፍም። ምንጩ በበጋ ሊደርቅ ይችላል፤ ደብሩም ቄስ የሚያጣበት ጊዜ አለ። ሁሉን አዋቂው ግን ክረምት ከበጋ ሞልቶ ይፈሳል። ከፍኖተ ሰላም ወዲህ ላህ ወንዝ ዳር ለምንኖረው ለእኛ የደረሰን ክቡር ሊቀ ካሚዮን ክንዱ ነበር።

ክንዱ በጣሊያን ጊዜ ቡሬ፣ ወታደር ሰፈር ገብቶ አራት ወር ካሚዮን አጥቧል። ማጠብ ብቻ ነው እንግዲህ! ከዚያ ጠፍቶ መጣ። ከመጣ ወዲህ አፉን የሚከፍተው "ቡሬ ሳለሁ" ብሎ ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እኛ ቁጥቋጦ ሥር ስንወሸቅ፣ እሱ ጆሮውን ቀስሮ ይቆምና "ነጂው ምሳ አልበላም፤ ድምፁን ስሙት" ይላል። የአጎቴን ምንሽር ፈትቶ ሲገጥም አንድ ሞላ ተረፈው። "ይኼ ትርፍ ነው፤ ፈረንጅ ነገር ማብዛት ይወዳል" ብሎ ኪሱ ከተተው። ምንሽሩ ከዚያ ወዲህ ለአጎቴ ምርኩዝ ሆኖ አገልግሏል።

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ እንኳ በትከሻቸው ላይ አጮልቆ "መሪጌታ፣ አንድ ቀን ጎድሎብዎታል" ብሏቸዋል። ሊቀ ካሚዮን ብለው የሾሙት በዚያ ቀን ነው። እሱ ደግሞ ሹመቱን ከልቡ ተቀበለ። ሁሉንም የሚለው ፈገግ እያለ ነው፤ እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ ነዳጅ ያለቀበት አንድ ካሚዮን ላህ ዳር ጥሎ ሄደ። ክንዱ ወዲያው ወረሰው። በየቀኑ ያጥበዋል፣ ይወለውለዋል፣ የላላውን ያጠብቃል። ካሚዮኑ ከፊት ለፊቱ የብረት ገመድ የተጠቀለለበት መጎተቻ ነበረው፤ በባትሪ ኃይል እየዞረ ጭቃ የያዘውን መኪና የሚያወጣ ነገር ነው። ክንዱ ይህን መጎተቻ ለመንደሩ ሰው አንድ በአንድ አስጎብኝቷል፤ ሲሠራ ግን ያየው የለም።

ሳምንት አልሞላውም፣ የእሜቴ ወለተ ሥላሴ በሬ ቦራ ውኃ ሊጠጣ ወርዶ ረግረግ ገባ። እሜቴ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው፤ ያላቸውም በሬ ያው አንድ ነው። እኔም ያለኝ አንድ ዳለቻ በሬ ነው። ሁለቱን አቀናጅተን አንድ ቀን ለእሳቸው፣ አንድ ቀን ለእኔ ያርሱልናል። ቦራ ሞተ ማለት የሁለት ቤት እርሻ ቀረ ማለት ነው።

እየሮጥኩ ስደርስ ጀርባውና አንገቱ ብቻ ነው የሚታየው። ስምንት ሆነን ጎተትን። ሁለት መጫኛ ተበጠሰ፤ ቦራ ጭራሽ ወደ ታች ሄደ። እሜቴ ጭቃው ዳር ተንበርክከው "ኧረ በሥላሴ! ኧረ ልጆቼ!" ይላሉ።

"ለእኔ ተዉት!" አለ ድምፅ ከኋላችን። ማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም።

ካሚዮኑ ከረግረጉ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። መቼም ሌላ አማራጭ የለንም። ክንዱ አንድ እጀታ ሲያላቅቅ የብረት ገመዱ እየተፈታ መጣ። የቀረንን መጫኛ ደራርበን በቦራ ደረት ዙሪያ አጠለቅንና ከገመዱ መንጠቆ ጋር አያያዝነው። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ወሸቅን። ክንዱ እጀታውን ወደ ቦታው መለሰ።

"ዘወር በሉ! ቡሬ ሳለሁ ይኼ ነገር ቤት የሚያህል መኪና ሲጎትት አይቻለሁ" አለና የመጎተቻውን ማስነሻ ቁልፍ ተጫነ።

ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። ቦራ እንኳ ቀና ብሎ ያየው መሰለኝ።

"ቤት የሚያህለውስ?" አልኩት።

"ታገስ እጅጉ፤ ነገር በተራ ነው።"

መጀመሪያ እጀታውን አየ፤ በደንብ ገብቷል። ከዚያ የካሚዮኑን መብራት አበራ፤ ቦግ አለ። "ባትሪው ሕያው ነው!" ብሎ እንኳን ደስ ያላችሁ በሚል ፊት ተመለከተን። ከባትሪው ወደ መጎተቻው የሚሄደውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ፤ የተበጠሰም የላላም የለም። ቁልፉን ፈታ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ገጠመ። ዝም። በዚህ መሐል ቦራ አንድ ስንዝር ሰመጠ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰውዬ፣ በሬ እየሞተ ሽቦ ትዳብሳለህ?"

"ተወው እጅጉ፤ ሊቁ ገና መቅድሙን ነው የሚያነቡት" አሉ መሪጌታ።

ይኼኔ እሜቴ ወለተ ሥላሴ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሳይጠርጉ ተነሥተው ወደ ካሚዮኑ ቀረቡ። "ክንዱ ልጄ፣ ጣሊያኖችም እንደ እኛ በጠፍር ያስራሉ እንዴ?"

ሁላችንም ወዳመለከቱት አየን። ከመጎተቻው ወደ ካሚዮኑ አካል የሚሄድ ሁለተኛ ወፍራም ሽቦ አለ። ጫፉ ከብረቱ ጋር በጠፍር ተጠፍሯል፤ ከሥሩም ቁራጭ ቆዳ ተደርጎለታል፣ ልክ ሞፈራችን እንዳይፋቅ እንደምናደርገው።

የክንዱ ፈገግታ ጠፋ።

"የእኔ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ብሎኑ ወድቆ ሽቦው ሲንቀጫቀጭ አገኘሁት። ብረቱ ብረቱን እንዳይፍቀው ብዬ ነው ቆዳ ያነጠፍኩለት። ቡሬ ያየሁት ጣሊያን ግን ሽቦ ሲያስር ብረቱን እስኪያበራ በቢላ ፍቆ ነበር። ኃይሉ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው፤ ቆዳው መንገድ ዘግቶበታል። ተሳስቻለሁ፣ እሜቴ። ይማሩኝ።"

ክንዱ ተሳሳትኩ ሲል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልስቅበት አስቤ ነበር፤ ሳቁ አልመጣ አለኝ።

ጠፍሩን በጥሶ ቆዳውን ወረወረ። ብረቱን በቢላው እስኪያበራ ፋቀው። የሚያጠብቅበት ብሎን ግን የለም፤ በጠፍር ብቻ ብናስረው ሽቦው እየተንሸራተተ ይላቀቃል። ክንዱ አንዴ ቦራን፣ አንዴ እሜቴን አየና "እጅጉ፣ ቁልፉን አንተ ተጫን" አለኝ። የሽቦውን ጫፍ በባዶ መዳፉ ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያዘው።

ተጫንኩ። መጎተቻው ጮኸ! ገመዱ ተወጠረ፣ ቦራ አጓራ፣ ረግረጉ ተንቦጫረቀ። ከክንዱ መዳፍ ሥር ብልጭታ ወጣ፤ ቀጥሎ ጭስ፤ ቀጥሎ የሥጋ ሽታ መጣ።

"ልቀቀው!" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ አፍ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከንፈሩን ነክሶ፣ ዓይኑን በሬው ላይ ተክሎ፣ ቦራ በሆዱ እየተንሸራተተ ሣሩ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያዘው።

ቦራ ጥቂት ተኛ፣ ተነሣ፣ ራሱን አራገፈና የመሪጌታን ጥምጥም በጭቃ አለበሰው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሜቴ እልልታቸውን ለቀቁት፤ መጀመሪያ በሬውን ሳሙ፣ ቀጥለው ክንዱን። መዳፉን ገልጬ ባየው ቆዳው ተልጧል። እንባዬ መጣ፤ ምን ይደበቃል።

ያን ዓመት ቦራና ዳለቻ አስቀድመው ያረሱት የክንዱን መሬት ነው። እሜቴ ተራቸውን ለቀቁለት፤ እርፉን እኔ ያዝኩ። እሱ እጁን ቅቤ በነካ ጨርቅ ጠቅልሎ ድንበሩ ላይ ተቀመጠና "ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ! ትልሙ ጠመመ እኮ!" እያለ ከጧት እስከ ማታ እርሻ አስተማረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያረስኩ ሰው፣ "እሺ፣ ሊቀ ካሚዮን" እያልኩ ትልሙን አቀናሁለት።