ከስህተት፣ ከስሕተትና ከስኅተት ነጻ

ስህተት ከከተማችን በይፋ የተሰናበተችው በአንድ ማክሰኞ፣ ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሽኝት አልተደረገላትም፤ ቃለ ጉባኤ ግን ተይዞላታል። ቃለ ጉባኤውም በአምስት ቅጂ ተባዝቶ አንዱ ለሚመለከተው ክፍል፣ አንዱ ለማይመለከተው ክፍል፣ ሦስቱ ደግሞ ለመዝገብ ቤት ተልከዋል። ሌሎች ከተሞች ስህተትን ዕድሜ ልካቸውን አንድ በአንድ ሲያሳድዱ፣ የእኛዎቹ በአንድ ስብሰባ፣ ያውም ከምሳ በፊት ገላገሉን። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሉን ልንኮራ ይገባል።

በዚህ ታላቅ ድል ያልተደሰተች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም የማተሚያ ቤቱ አራሚ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ በሰው ጽሑፍ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስታሳርፍ የኖረች፣ መነጽሯ ወፍራም፣ ትዕግሥቷ ቀጭን የሆነች ሴት። ባሏ በወጣትነቱ የጻፈላትን የፍቅር ደብዳቤ እንኳ አርማ ነው የመለሰችለት። «እና እሺ ማለትሽ ነው?» ብሎ ግራ ቢገባው፣ «አዎ፤ አራት ነጥብ ብቻ ነው የጎደለህ» አለችው።

የነገሩ መነሻ ሁለት መጻሕፍት ናቸው። ማተሚያ ቤቱ ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ቅዱሱን መጽሐፍ በአዲስ መልክ ሊያትም አሰበ፤ ሥራውን እንዲመሩም በከተማው የተከበሩትን መምህር ለመነ። ይህን የሰሙት ፈላስፋው ደግሞ፣ እኚህ ሰው ጡረታ የወጡ የሎጂክ አስተማሪ ሲሆኑ ስሙን ያወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ነው፣ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ የጻፉትን ወፍራም መጽሐፍ በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ ፀጉር አስተካካይ ቤት እየተገናኙ ለሃያ ዓመት ተከራክረዋል። መምህሩ «መጽሐፉ አይሳሳትም» ይላሉ፤ ፈላስፋው «በትክክል የሚያስብ አእምሮ አይሳሳትም» ይላሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም በሕይወታቸው «ተሳስቻለሁ» ብለው ስለማያውቁ የሁለቱም ክርክር በማስረጃ የተደገፈ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰው ማስማማት ነፍሱ ነው። ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ቀን እንዲመረቁ፣ በምርቃቱም ላይ አንዱ ሽማግሌ የሌላውን መጽሐፍ እንዲያነብ፣ የሁለቱም የመጀመሪያ ገጽ አንድ ዓይነት ማረጋገጫ እንዲይዝ አቀደ። ማክሰኞ ዕለት የተሰበሰቡት ማረጋገጫውን ለመጻፍ ነው።

«'ይህ መጽሐፍ ከስህተት ነጻ ነው' ብንልስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሁሉም ተስማሙ። ጸሐፊዋ እጇን አወጣች።

«ስህተት በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»



«ይህ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ መምህሩ። «በሐመሩ ሐ ነዋ! አባቶቻችን ሲጽፉት የኖሩት እንደዚያ ነው።»

«ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉም አንድ ይበቃዋል» አሉ ፈላስፋው። «ሃሌታው ሀ። አእምሮ የሚቀበለው ይህን ነው።»

«እኔ በብዙኃኑ ኀ ነው የተማርኩት» አለ የመዝገብ ቤት ኃላፊው። ይህ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው። በቀላሉ የሚመለስም አልሆነም።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ስህተት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም፤ አጻጻፏን በተመለከተ ግን ጠረጴዛ ተደብድቧል። ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው አራሚዋ አላስችል ብሏት፣ «በጥንቱ አጻጻፍ ሐመሩ ነው። ግን አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ብትጸኑበት ይበቃል» አለች። ሦስቱም ወገኖች ዞረው ገላመጧት።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ። «ለምን ሦስቱንም አንጽፍም?»

ተጨበጨበ። ጸሐፊዋም እንዲህ ብላ መዘገበች፦ «ይህ መጽሐፍ ከስህተት፣ ከስሕተትና ከስኅተት ነጻ ነው።» ስህተት በየትኛውም በር ብትመጣ ተቆልፎ ይጠብቃታል ማለት ነው።

«እንግዲህ ስህተት ከሌለ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ «የእርማት ክፍል ምን ይሠራል?»

«መጽሐፉን ማረም ድሮም ድፍረት ነበር» አሉ መምህሩ።

«ድምዳሜው ከመነሻው በቀጥታ ይከተላል» አሉ ፈላስፋው።

ሁለቱ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እርስ በርስ ተያይተው በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። የእርማት ክፍል እንዲታጠፍ፣ አራሚዋም ለረጅም ዘመን አገልግሎቷ ምስጋና እየቀረበላት ወደ ወረቀት መጋዘን እንድትዛወር ተወሰነ። ከዚያ ሁሉም ወደ ምሳ ወጣ።

አራሚዋን በጣም ከፋት። ወንበሩ አይደለም ያንገበገባት። ማንበብ የተማረችው ከዚያው ከቅዱሱ መጽሐፍ ነው፤ አባቷ ጣቷን ይዞ ከፊደል ፊደል እያሻገረ፣ «አንዲቷን እንኳ እንዳትዘዪ፤ የዘለልሻት ታስቀይምሻለች» ይላት ነበር። አሁን ያ መጽሐፍ ማንም ሳያየው ሊታተም ነው። ስለዚህ ወደ መጋዘን ስትወርድ የሁለቱንም መጻሕፍት የሙከራ ገጾች በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ወረደች፤ የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀምጣም በምሳ ሰዓቷ ታነብ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን፣ በቅዱሱ መጽሐፍ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቆመች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አየችው። «የተራበውን አብላው» መሆን የነበረበት ትእዛዝ «የተራበውን ብላው» ይላል።

ገጹን ይዛ ወደ ፊደል ለቃሚው ሄደች። የብረት ፊደላትን ከሳጥናቸው አንድ በአንድ እያነሣ መስመር የሚሠራው እሱ ነው።

«አንተ፣ እዚህ ጋ የነበረችው 'አ' የት ሄደች?»

አየው። ደነገጠ። «እትዬ፣ ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር።»

«ጉንፋን 'አ' ይወስዳል?»

«እያስነጠስኩ ነው የለቀምኩት።»

«እሺ፣ ይሄስ?» አለችና የፈላስፋውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ዘረጋችለት። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በትልልቅ ፊደል ተቀምጧል። «አሳቢ ሰው አይሳሳትም» መሆን ሲገባው፣ «አሳቢ ሰው አይሳሳምም» ሆኗል።

ፊደል ለቃሚው አንገቱን ደፋ። «እዚህ ላይ እንኳ ድኜ ነበር፣ እትዬ።»

«በል አሁን አስተካክለው።»

«ያለ ፊርማ? የእርማት ክፍል ታጥፏል፤ አሁን ፊደል የሚነካው ባለ መጽሐፉ ሲፈርም ብቻ ነው። መመሪያ ወጥቷል። ልጆች አሉኝ፣ እትዬ።»

ስለዚህ ገጾቹን ይዛ ወደ ባለ መጽሐፎቹ ሄደች። መምህሩን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«መምህር፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንዲት ፊደል...»

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አታሳዪኝ፣ ልጄ! ማየቱ ራሱ መጠራጠር ነው።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። 'የተራበውን' ይልና...»

«መጽሐፉ አይሳሳትም!»

«መጽሐፉማ ላይሳሳት ይችላል፣ መምህር። ፊደል ለቃሚው ግን ጉንፋን ይዞት ነበር።»

«በቃሽ! ወዲህ በይ እስክሪብቶውን።» ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ «እንዳለ ይታተም» ብለው ፈረሙ። ጽሑፉ ከመስመሩ ወጣ ብሏል፤ እምነቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፈላስፋው ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ኮርኒሱን ነው ያዩት።

«ይህን ሐሳብ ያሰብኩት እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ግን እዚህች ጋ...»

«ቆይ። ያሰብኩት በትክክል ነው። በትክክል የታሰበ ነገር ስህተት የለበትም። የሌለ ነገር ደግሞ አይታይም። አሁን አንቺ የማይታይ ነገር ልታሳዪኝ ነው የመጣሽው?»

«እስቲ ሴትዮዋ የያዘችውን እያት!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ።

«ማየት ማሰብ ለማይችል ሰው ነው» ብለው ፈላስፋውም ፈረሙ።

አራሚዋ በዚያ ቀን ቤቷ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። ተናደደች። ሁለቱንም ሽማግሌዎች ታከብራቸዋለች፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ሞኞች ቢሆኑ ኖሮ ስቃ ታልፋቸው ነበር። ፊርማ ያለባቸውን ገጾች አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ መጻሕፍቱም እንዳሉ ታተሙ።

የምርቃቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሥራ አስኪያጁ ስህተት ታሪክ መሆኗን አብሥሮ፣ ማረጋገጫውን ሦስቱንም ፊደላት በድምፅ የሚለይ እያስመሰለ አነበበ። በጆሮ የለያቸው ሰው ባይኖርም ተጨበጨበ። ከዚያ መምህሩ የፈላስፋውን መጽሐፍ እንዲያነቡ ተጋበዙ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ገለጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሳቢ ሰው... አይሳሳምም።»

«እሷስ እውነት ናት!» አሉ የፈላስፋው ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ ሆነው። «አሥራ አራት ዓመቱ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈላስፋው ጆሯቸው እየጋለ መድረኩ ላይ ወጡና ቅዱሱን መጽሐፍ ተቀበሉ። ሥራ አስኪያጁ ማንንም አያስቀይምም ብሎ የመረጠላቸው ስለ ደግነት የሚናገረውን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ነበር።

«የተራበውን ብላው።»

«እኔ ምሳ አልበላሁም» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ሳትደርሱብኝ ልውጣ።»

መምህሩ እጃቸውን አወናጨፉ። «ይህ... ምሥጢር አለው። ብላው ማለት ችግሩን ብላለት፣ ጨርስለት ማለት ነው!»

«የእኔም ቢሆን አሳማኝ ነው» አሉ ፈላስፋው። «መሳሳም ስሜት ነው፤ ስሜት ማሰብን ያውካል፤ ስለዚህ አሳቢ ሰው...»

«ጨምር! ጨምር!» አሉ ባለቤታቸው።

ሳቁ አልቆም ሲል ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና በአንድ ድምፅ ጮኹ፦

«አራሚዋ የት ነበረች?»

መጽሐፍና አእምሮ ያለ ምንም ልዩነት የተስማሙበት ቅጽበት ይህ ነው። አራሚዋ የመጋዘን ካፖርቷን እንደ ለበሰች ከኋላ ወንበር ተነሣች። መድረኩ ድረስ ሄዳ ሁለቱን ገጾች ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

ገጾቹን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ስህተት አለ ካላችሁ ፊርማው የእናንተ ነው። የለም ካላችሁ ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ?»

ፈላስፋው ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ነገሩን ሲመረምሩት ግን ክፍተት አጡለትና ተቀመጡ። መምህሩ ገጹን ከእጇ ወሰዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው አዩት።

«'አ' ብቻ ናት የጎደለችው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አንዲት 'አ'፣ መምህር።»

«እና ይህችን ልትነግሪኝ ነው በረንዳዬ ድረስ የመጣሽው?»

«ይህችን ነው።»

ወረቀቱን አልመለሱላትም፤ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መጻሕፍቱ እንዲታረሙ ተሰበሰቡ። በሳምንቱ አራሚዋ ወደ መስኮቷ ተመለሰች፤ ጠረጴዛዋ ላይም ከሥራ አስኪያጁ የተላከ ደብዳቤ ጠበቃት። «የእርማት ክፍልን በማጠፍ ረገድ በተፈጠረው ስኽተት እያዘንን፣ ወደ ቀድሞ ቦታዎ እንዲመለሱ ተወስኗል» ይላል። ጸሐፊዋ ከሦስቱ ወገኖች ከአንዱም ጋር ላለመጣላት ስትል፣ በስብሰባው ያልተነሣችውን 'ኽ'ን ከየትም ፈልጋ አምጥታት ነው። ከደብዳቤው ግርጌ ለማንኛውም ወረቀት እንዲያገለግል የተቀረጸው አዲሱ ማኅተም ጉልህ ሆኖ አርፏል፦ «ከስህተት፣ ከስሕተትና ከስኅተት ነጻ»።

አራሚዋ የቀይ እስክሪብቶዋን ክዳን ከፈተች። ከማኅተሙ በላይ ያለውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ፊደል ሳትዘል ፈተሸችው። እውነትም በማኅተሙ ላይ ከተጻፉት ከሦስቱ አንዳቸውም አልነበሩበትም።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።